ከካሜራው አስቀድሞ እርሳስ



ከላስታ፣ ከኩልመስክ፣ የአንድ አባት ደብዳቤ ደርሶናል። ልጃቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሲሆን፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ለልደት በዓል የሚሆን መዝሙር በቪዲዮ ሊያዘጋጅ አስቧል። እርሳቸውም ለካሜራ ኪራይ ይሆን ዘንድ አንድ በግ ሸጠው ገንዘቡን ሰጥተውታል። ነገር ግን ልጆቹ ሁለት ሳምንት ሙሉ ካሜራ ሳይነኩ በደብተር ላይ ትናንሽ ሣጥኖች እያሰመሩ ሥዕል ሲሥሉ ስላዩ፣ «ይህ ነገር ሥራ ነው ወይስ ጨዋታ? በጉንስ በከንቱ ሸጥነውን?» ሲሉ ይጠይቁናል።

ጥያቄው የተገባ ነው፤ በግ የቤተ ሰብ ሀብት ነውና። መልሳችን ግን ልጆቹ ሥራውን ከሚገባው ስፍራ ጀምረዋል የሚል ነው።

ታሪክን በሣጥን ከፋፍሎ መሣል ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ የሚያሳየውን ባህላዊ ሥዕል የማያውቅ ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ በ44 ክፍል ተከፍሎ ይሣላል፤ ፊደል ያልቈጠረ ሰው እንኳ ሥዕሉን በተራ እየተከተለ ታሪኩን ይረዳል። በላሊበላ በቤተ ማርያም ግድግዳ ላይ ያሉት ጥንታውያን ሥዕሎችም የወንጌልን ታሪክ ለዓይን ያስተምራሉ። ፊልም ሠሪዎች በበኩላቸው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ በአሜሪካ በዋልት ዲስኒ ስቱዲዮ፣ ሥዕሎችን በየወረቀቱ ሥለው በሰሌዳ ላይ በቅደም ተከተል መደርደርን ልማድ አደረጉ። ዛሬ በብዙ አገር ብዙ ፊልም ሠሪዎች ካሜራ ከማንሣታቸው በፊት ይህን ያደርጋሉ።

አሁን ወደ ልጆቹ ደብተር እንመለስ። መዝሙሩ 4 ደቂቃ ቢሆን 240 ሰከንድ ነው። አንዱ ሥዕል 8 ሰከንድ ያህል ቢታይ 30 ሥዕል ያስፈልጋል። በአንድ ገጽ 6 ሣጥን ቢሰመር 5 ገጽ ይበቃል ማለት ነው። በየሣጥኑ ሥር አራት ነገር ይጻፍ፤ የትኛው ስንኝ እንደሚዘመር፣ ማን እንደሚቆም፣ የት እንደሚቆም፣ ብርሃኑም ከየት በኩል እንደሚመጣ። ከዚያ በኋላ ሣጥኖቹ ቍጥር ይሰጣቸው።

የቍጥሩ ጥቅም ይህ ነው። ሦስተኛውና ሃያ አንደኛው ሥዕል በአንድ ቤት ደጃፍ የሚነሡ እንደ ሆነ፣ በመዝሙሩ ውስጥ ቢራራቁም በአንድ ጧት፣ በአንድ ነጠላ ይነሣሉ። ብርሃኑም ቢሆን በጧት ከተራራው ጥግ ለስለስ ብሎ ይመጣል፤ በቀትር ግን ፀሐይ ከራስ በላይ ስለምትሆን ዓይንን በጥላ ትሸፍናለች። ካሜራ የሚከራየው በቀን ሒሳብ ነውና አንድ ቀን ያተረፈ የበጉን ዋጋ አተረፈ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው እዚህም ይሠራል።

ይልቁንም ልጆቹ በላሊበላ የልደትን በዓል ለማንሣት አስበው እንደ ሆነ ጥንቃቄው ይበዛል። ታኅሣሥ 29 ቀን በቤተ ማርያም ዙሪያ፣ ማሜ ጋራ በሚባለው ስፍራ፣ «ቤዛ ኩሉ» ሲዘመር፣ ከላይ የቆሙት ካህናት የመላእክት፣ ከታች የቆሙት የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ይህ ሥርዓት ለካሜራ ተብሎ አይደገምም፤ ያመለጠው ለከርሞ ነው።

እኛ ራሳችን ከዚህ ተምረናል። ከዓመታት በፊት ከጥቂት ወጣቶች ጋር ወደዚያው በዓል ያለ አንዳች ጽሑፍ ሄድን። የአንዱ ወጣት አያት በእግር ተጕዘው መጥተው ነበርና፣ ከገደሉ ጫፍ ተቀምጠው በለሆሳስ እያጨበጨቡ ይከተሉ ነበር። «እርሳቸውን ኋላ እናነሣለን» ተባባልን። ሕዝቡን ስናነሣ ባትሪው አለቀ። ቤት ገብተን ብንመለከት ያገኘነው የብዙ ሰው ጀርባ ነው። እኒያ እናት የሚቀጥለውን ልደት አላዩም። ቤተ ሰባቸው ሥዕላቸውን ቢጠይቁን የምንሰጠው አጣን። አንድ ሣጥን አስቀድመን ሥለን ቢሆን ኖሮ ይህ ባልደረሰብን ነበር።

ለልጆቹም የምንለው አለ። አስቀድማችሁ የደብሩን አስተዳዳሪ ፈቃድ ጠይቁ፤ በሥዕሉ የሚታዩትን ልጆች ወላጆችም አስፈቅዱ። በሚጸልይ ሰው ፊት ብርሃን አታብሩ፤ ምእመናንን እየገፋችሁ አትለፉ። ደብተሩን ለዜማ መምህራችሁ አሳዩ፤ ግጥሙንና ዜማውን ይመርምሩላችሁ። ድምፁን አስቀድማችሁ ጸጥ ባለ ቤት ቅዱ፤ ከዚያም በድምፅ ማጕያ እያሰማችሁ ሥዕሉን አንሡ። ያለዚያ የከበሮ መቺው እጅ አንድ ሲል ጆሮ ሌላ ይሰማል። ለትምህርታችሁም ሰዓት ለዩ፤ መዝሙር የፈተና ማምለጫ አይሁን።

እርስዎም የተከበሩ አባት ሆይ፣ ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ልጅዎን ደብተሩን እንዲያመጣ ይዘዙት። «ይህ ሥዕል ለምን አስፈለገ?» እያሉ ሣጥን በሣጥን ይጠይቁት። ምክንያቱን ከነገረዎ በጉ በከንቱ አልተሸጠም። መልስ ያጣለትን ሣጥን በላጲስ ያጥፋው፤ በወረቀት ላይ የጠፋ ነገር ገንዘብ አያስወጣም። አያቱ በሕይወት ካሉም፣ ከሣጥኖቹ በአንዱ ፊታቸው መኖሩን ይመልከቱልን።