ጎማ ዝም ብሎ አይፈነዳም

«ተሽከርካሪው የኋላ ጎማው ፈንድቶ በመገልበጡ…»

ይህቺን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደጻፍኳት አላስታውስም። ትራፊክ ፖሊስ ይነግረኛል፣ እጽፋለሁ፣ ወደ ሌላ ዜና አልፋለሁ። ጎማው ስንት ዓመቱ ነበር? ስንት ኪሎ ተጭኖበት ነበር? ለዚያ መኪና የሚሆን ጎማ ነበር ወይ? ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። የጎማ መፈንዳትን ከሰማይ እንደሚወርድ መብረቅ ቆጥረነዋል።

ጥያቄው የመጣብኝ በቅርቡ፣ እዚሁ ኮዬ ፈጬ ነው። ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጎረቤቴ ዕቁብ ደረሳቸውና ያገለገለች ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ገዙ። መኪናዋ ከፋብሪካ እንደወጣች ናት፣ ከፍታዋ አልተነካም። ጋሼ ግን ቁመናዋን አልወደዱትም። ወፈር ያለ ጎማና ወደ ውጭ የወጣ ጥቁር ቸርኬ አማራቸው።

«አንተ ልጅ፣ የዚህን ሰፈር ጭቃ አታውቀውም እንዴ?» አሉኝ።

አውቀዋለሁ። ክረምት ሲገባ ጥቁሩ ዋልካ አፈር ምን እንደሚያደርግ የኮዬ ፈጬ ሰው ሁሉ ያውቃል። ጫማ ያወልቃል፣ መኪና ያስራል። ስለዚህ አብረን ጎማ ቤት ሄድን።

ሻጩ ወጣት ነው፣ ጨዋታም ያውቃል። «ፋዘር፣ ለእርስዎ መኪና ይቺ ናት!» ብሎ 285/70 አር 17 ጎማ ከነአዲስ ቸርኬው አወጣ። የጋሼ መኪና ይዛ የመጣችው 265/65 አር 17 ነው። ቁጥሩ ላይ ላዩን ሲታይ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ስናሰላው ግን አዲሱ ጎማ ከዳር እስከ ዳር 5 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይበልጣል።

ይህ ማለት ምንድን ነው? ከፍታዋ ባልተጨመረ መኪና ላይ መሪው እስከ መጨረሻ ሲጠመዘዝ ጎማው ፓራፋንጎውን ይፋቃል። ጎማው በ7 በመቶ ስለሚያድግ የፍጥነት ቆጣሪው 100 ሲል መኪናዋ 107 ትሮጣለች። ወደ ውጭ የወጣው ቸርኬ ደግሞ ጎማውን ከቦታው ያርቀዋል። የፋብሪካው ቸርኬ ላይ 30 ተብሎ የተጻፈው ልክ በአዲሱ ላይ ዜሮ ከሆነ፣ ጎማው በየጎኑ 3 ሴንቲ ሜትር ወጣ ማለት ነው። ሸክሙ ኩሽኔታው ላይ ያርፋል፣ ጭቃው ወደ በሩና ወደ መስታወቱ ይረጫል። ስኮርታው የድሮው ልክ ሆኖ ስለሚቀር መንገድ ላይ የሚያወጣ ጎማ አይኖርም።

«ጭቃውስ?» ትሉ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር ዋልካን የሚያሸንፍ ጎማ የለም። ትልልቅ ጥርስ ያለው የጭቃ ጎማም ቢሆን ጥርሱ መካከል አፈር ሞልቶበት ኳስ ይሆናል። ዋልካ ላይ የሚያዋጣው ቀስ ማለትና መንገድ መምረጥ ነው።

ከዚያ በላይ ደግሞ ሌላ መንገድ አለን። ከኮዬ ፈጬ ወጣ ስንል ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ከቱሉ ዲምቱ የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ይጀምራል። እዚያ እስከ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይነዳል። ጠዋት ጭቃ ውስጥ የዳከረችው መኪና ከሰዓት አስፋልት ላይ ትበራለች። የጭቃ ጎማ እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ቶሎ አይቆምም። ለሁለቱም የሚስማማው በፋብሪካው ልክ የሆነ፣ መካከለኛ ጥርስ ያለው «ኦል ቴሬይን» የሚባለው ጎማ ነው።

ከጥርሱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ጭነቱ ነው። ሰፈራችን ገና ቤቱን እየጨረሰ ያለ ሰፈር ነው። ፒክአፕ እዚህ ሲሚንቶ ትጭናለች፣ ሴራሚክ ትጭናለች፣ ሰውም ትጭናለች። 20 ከረጢት ሲሚንቶ 1,000 ኪሎ ነው። ኋላ ላይ የሚያርፈው የመኪናዋ የራሷ ክብደት 800 ኪሎ ገደማ ቢሆን፣ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች 1,800 ኪሎ ይሸከማሉ።

ጎማው ጎን ላይ፣ ከልኩ ቀጥሎ የሚጻፍ የጭነት ቁጥር አለ። 112 ከሆነ አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይችላል። 102 ከሆነ የሚችለው 850 ብቻ ነው፣ ሁለቱ ተደምረው 1,700። መደርደሪያ ላይ ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ። የሚለያዩት መንገድ ላይ፣ ወደ አዳማ ሲወረድ፣ አስፋልቱ ሲግል ነው።

የመጨረሻው ነገር ዕድሜው ነው። ዲ.ኦ.ቲ ከሚለው ጽሑፍ ጋር አራት አሃዞች አሉ። 2317 ካለ በ2017 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው ማለት ነው፤ በፈረንጆቹ! እኛ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «የ17 ምርት ነው» ሲባል የእኛ 2017 ይመስለናል። በእኛ አቆጣጠር ግን ጎማው የ2009 ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ደርቋል። ሻጩ አልዋሸም፣ እኛም አልጠየቅንም።

«ጎማ ውድ ነው፣ ምርጫ የለንም» የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ትክክል ነው። ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ለእናንተ አልነግራችሁም። ክርክሬ ግን እዚህ ላይ ነው። ገንዘብ የሚያጥረን ጎማ ላይ ሆኖ ሳለ ቸርኬ ላይ እናወጣለን። የፋብሪካው ቸርኬ ካልተጣመመና ካልተሰነጠቀ ምንም አላጠፋም። የአዲስ ቸርኬ ገንዘብ ደህና ጎማ ላይ ቢውል አራቱም ጎማዎች፣ ስኮርታውም ጭምር ሙሉ ይሆናሉ።

ሻጮችም ቢሆኑ የምርት ዘመኑንና የጭነት ቁጥሩን ደረሰኝ ላይ ቢጽፉ ምን ይጎድልባቸዋል? ለቦሎ በሚደረገው ዓመታዊ ምርመራስ ሁለቱ ቁጥሮች ተነበው ቅጹ ላይ ቢሰፍሩ? አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ጋሼ በመጨረሻ በድሮው ቸርኬ ላይ በድሮው ልክ አዲስ ጎማ አስገጠሙ። እስካሁን ሲያዩኝ «መኪናዬን አሮጊት አስመሰልክብኝ» ይሉኛል። ልጆቻቸውን ጭነው ወደ አዳማ ሲወጡ ግን እኔ ተረጋግቼ እተኛለሁ።

እኔም በበኩሌ ከእንግዲህ «ጎማው ፈንድቶ» ብዬ አላልፍም፤ ምን ጎማ እንደነበር እጠይቃለሁ። እናንተም ዛሬ ማታ የስልካችሁን መብራት ይዛችሁ ወደ መኪናችሁ ውረዱና ቁጥሮቹን አንብቡ። ስኮርታውንም አትርሱ።