ዋንጫው ተገኘ፤ ቃሬዛውስ?

ቅዳሜ ረፋድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ግቢ ሁለት ትምህርት ቤቶች ለዋንጫ ይጋጠማሉ። የትምህርት ቤቱን ስም አንጠራም፤ ስም ብንጠራ ሌሎቹ “እኛን አይመለከትም” ብለው ይተኛሉና! ዳሱ ተተክሏል፣ ሞንታርቦው ይጮኻል፣ ለክብር እንግዶች ለስላሳ ተደርድሯል፣ ዋንጫው ጠረጴዛ ላይ ያብረቀርቃል። ከዕረፍት መልስ ሁለት ልጆች ለአንድ ኳስ ዘለሉና ጭንቅላት ለጭንቅላት ተላተሙ። አንደኛው ተነሣ። ሁለተኛው አልተነሣም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በዓይኑ አይቶታል። አንዱ ውሃ ደፋበት፤ አንዱ ክብሪት ጭሮ ጭሱን አሸተተው፤ ሌላው “ምላሱን ያዙት!” እያለ ጮኸ። አራት ጎረምሶች እጅና እግሩን ይዘው እንደ ጆንያ አነሡት፤ አንገቱን የደገፈለት ግን አልነበረም። ቃሬዛ? የለም። የመጀመሪያ ዕርዳታ መስጫ ሣጥን? አለ፤ ውስጡ አንድ ጥቅል ፋሻ ብቻ! መኪና ተገኘ፤ የመኪናው መውጫ በር ግን ተቆልፏል፤ ቁልፉ ሻይ ሊጠጣ ወጣ ካለው ዘበኛ ኪስ ውስጥ ነው። የወላጆቹ ስልክ ቁጥር ፋይል ላይ አለ፤ ፋይሉ ያለበት ቢሮ ደግሞ ቅዳሜ ዝግ ነው። ምስኪኑ የስፖርት መምህር አሠልጣኝም፣ ዳኛም፣ ሐኪምም ሆኖ ብቻውን ይራወጣል። ልጁ ከግቢው እስኪወጣ ሃያ ደቂቃ አለፈ። ከዚያስ? ፊሽካው ተነፋ፤ ጨዋታው ቀጠለ፤ ዋንጫውም ተሰጠ!

ልጁ ተርፏል፤ ተመስገን። ያተረፈው ግን ፈጣሪ እንጂ እኛ አይደለንም። ፈጣሪን ደግሞ በየሳምንቱ መፈታተን ደግ አይደለም።

ልጆቻችን ስፖርት አይሥሩ አላልንም። ይሩጡ፣ ይጫወቱ፣ ይዝለሉ። ኳስ ባለበት ሁሉ መውደቅና መሰበር አለ፤ ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ እንደሚመጣ የታወቀን ነገር እንዳልታወቀ ሆኖ መጠበቅ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚል ሕዝብ ልጆች ሆነን፣ ሁልጊዜ ቅጠል ፍለጋ የምንሮጠው ቤቱ ከነደደ በኋላ መሆኑ ያሳፍራል።

የዓለም እግር ኳስ ይህን ትምህርት በሰው ሕይወት ከፍሎ ነው የተማረው። ሰኔ 19 ቀን 1995 ዓ.ም. የካሜሩኑ ማርክ ቪቪየን ፎዬ ፈረንሳይ ሊዮን ላይ አገሩ ከኮሎምቢያ ጋር ስትጫወት በ28 ዓመቱ ሜዳ ላይ ወደቀ፤ አልተነሣም። ሰኔ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ የዴንማርኩ ክርስቲያን ኤሪክሰን ኮፐንሃገን ላይ ከፊንላንድ ጋር ሲጫወቱ እንዲሁ ወደቀ፤ ልቡ ቀጥ ብሎ ነበር። ሐኪሞች ወዲያው ደረሱ፤ ደረቱን እየተጫኑ ደሙን አንቀሳቀሱ፤ ልብን በኤሌክትሪክ በሚቀሰቅሰው መሣሪያ መልሰው አስነሡት። ኤሪክሰን ዳነ፤ ተመልሶም ኳስ ተጫወተ። ያዳነው ዕድል ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሰው የሚሠራውን አስቀድሞ ማወቁ ነው።

“እነሱ እኮ ሀብታም ናቸው” የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ መሣሪያው ውድ ነው። ደረትን መጫን ግን ሁለት እጅ እንጂ ዶላር አይጠይቅም! መሐል ደረት ላይ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠለቅ አድርጎ መጫን ነው። ልቡ የቆመ ሰው ያለ ዕርዳታ በቆየ ቁጥር የመዳን ተስፋው በየደቂቃው ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል ይላሉ ሐኪሞች። እንግዲህ የዘበኛውን ቁልፍ ፍለጋ ያለፉትን ደቂቃዎች አንባቢ ራሱ ያስላቸው።

እኛ የምንለው ዕቅድ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። አንደኛ፣ አምቡላንስ የሚጠራው ማን ነው? የቀይ መስቀል 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939 በግድግዳ ላይ በትልቁ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የበሩ ቁልፍ በማን እጅ ነው? አምቡላንሱንስ መንገድ ላይ ቆሞ የሚቀበለው ማን ነው? ሦስተኛ፣ ከተጎዳው ልጅ ጋር የሚሄደው፣ የቀሩትን የሚጠብቀው፣ ለወላጅ የሚደውለው ማን ነው? የወላጆች ስልክ ከመምህሩ ኪስ አይለይ። አራተኛ፣ ቃሬዛ ይኑር፤ አንገቱ ወይም ጀርባው ተጎድቷል ተብሎ የተጠረጠረ ልጅ የሚያውቅ ሰው ሳይደርስ አይነሣ። ጭንቅላቱን ተመትቶ የደነገዘውም “አይዞህ፣ ጀግና ነህ” ተብሎ በዚያው ቀን ወደ ሜዳ አይመለስ። አምስተኛ፣ የጎሉ ብረት መሬት ላይ በደንብ ይታሰር፤ ያልታሰረ ጎል ወድቆ ልጅ ይገድላል።

አጥንት ሲሰበርም ነገር አለ። ወጌሻን ለመናቅ አይደለም፤ ስንቱን ውልቃት መልሷል። ነገር ግን የተሰበረ እጅ በሸምበቆ ጥፍር ተደርጎ ታስሮ፣ ደም መመላለስ አቅቶት፣ በስብሶ የሚቆረጥበት ልጅ በየሆስፒታሉ አለ። ጣቱ የጠቆረ፣ የደነዘዘ ወይም የቀዘቀዘ ልጅ ማሰሪያው ይፈታለትና ወደ ሐኪም ይሩጥ። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም።

ታዲያ ተጠያቂው ማን ነው? የስፖርት መምህሩ ላይ ብቻ መጮህ ቀላል ነው፤ ግን ማን አሠለጠነው? ማን ምን ሰጠው? የትምህርት ቢሮ ሹማምንት ለመዝጊያ ሥነ ሥርዓት ባነር፣ ቲሸርትና አበል ሲፈለግ በጀት አያጡም። የዚህ ወረቀት ጉዳይ ሲነሣ ግን “ይጠናል” ይባላል። ምኑ ነው የሚጠናው? ዕቅዱን ያላሳየ ትምህርት ቤት ውድድር አያዘጋጅም የሚል አንድ መመሪያ ማውጣትና ማስከበር ይበቃል። የትምህርት ቤት ባለቤቶችም ክፍያ ለመጨመር የሚተጉትን ያህል ለዚህ ይትጉ። ወላጆች ሆይ፣ እናንተም በሚቀጥለው የወላጅ ስብሰባ ላይ ስለ ዩኒፎርም ከመከራከራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ “ልጄ ሜዳ ላይ ቢወድቅ ማን ምን ያደርጋል?” መልሱ ዝምታ ከሆነ ዝም አትበሉ።

ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኽ ውሻ ለማንም አልጠቀመም። ያ ዋንጫ ዛሬ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ መስታወት ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል። ከጎኑ አንድ ቃሬዛና አንድ የቁልፍ ቅጂ እስኪቀመጥ ድረስ ግን እኛ በዋንጫው አናጨበጭብም!