ባለሙያ የሚባለው ማን ነው?

በአማርኛችን «ባለሙያ» የሚል አንድ የክብር ቃል አለ። ቃሉ ለወንድ ሲነገር ግንበኛውን፣ አናጢውን፣ ሐኪሙን ያመለክታል፤ ለሴት ሲነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ወጥ አጣፍጣ የምትሠራውን፣ ጠላ አሳምራ የምትጠምቀውን ነው። እኔም ከዚህ አስተሳሰብ የተነሣ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁና ለእናንተ ልናገረው ወደድሁ።

እናቴ በአዲስ አበባ በሕንፃ ሥራ ላይ የቀን ሠራተኛ ናት። በማለዳ ወጥታ ሥራ ካገኘች አሸዋና ጠጠር በባሬላ ስትሸከም ትውላለች፤ ካላገኘች ባዶ እጅዋን ትመለሳለች። እኔ ግን በትምህርት ቤታችን የመመዝገቢያ ቅጽ «የእናት ሥራ» በሚለው ቦታ ላይ በየዓመቱ «የቤት እመቤት» እያልሁ ስጽፍ ቆየሁ። ያፈርሁት በድህነታችን አልነበረም፤ «እናቱ የወንድ ሥራ ትሠራለች» እንዳልባል ፈርቼ ነው እንጂ።

አባቴ ግንበኛ ነው፤ እርሱም የሚከፈለው በቀን ነው። ሥራ ያጣ ዕለት ጎረቤት ሳያየው ለመግባት እስኪመሽ ድረስ በውጭ ይቆያል፤ ቤቱን መመገብ ያልቻለ ወንድ ወንድነቱ የጎደለ ይመስለዋልና። እንግዲህ የማይጸና ሥራ የሚነካው እንጀራን ብቻ ሳይሆን ሰው ለራሱ የሚሰጠውን ግምት ጭምር ነው።

ይሁን እንጂ አባቴም እናቴም ሥራውን የጀመሩት በአንድ ዓመት፣ በሸክም ነበር። እርሱ ከግንበኛ ሥር ቆሞ ተማረና ቱንቢና ውሃ ልክ ያዘ፤ እርስዋ ግን ዛሬም በባሬላው ላይ ናት። ምክንያቱን ብጠይቅ «ሴት ጉልበት የላትም» ይሉኛል። ታዲያ ከቱንቢና ከባሬላ የትኛው ይከብዳል?

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 42 ሴቶች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ እንዲያገኙ ደንግጓል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣል። ነገር ግን ሥራዋ በየማታው ለሚያበቃ ሴት ይህን መብት በተግባር ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው። እናቴ ታናሽ ወንድሜን በወለደች ጊዜ ከአሠሪዋ አንዲት ሣንቲም አላገኘችም።

ስለዚህ አሠሪዎች ለሠራተኞቻቸው ውል ይስጡ፤ ግንበኞችም ሙያቸውን ለመማር ለሚሹ ሴቶች ሳይሰስቱ ያስተምሩ። እኛ ተማሪዎችም በወላጆቻችን ላብ ማፈርን እንተው። እኔ በበኩሌ ዘንድሮ ቅጹን ስሞላ «የቀን ሠራተኛ» ብዬ እውነቱን ጽፌአለሁ። ታናሽ ወንድሜ ያንኑ ቅጽ የሚሞላበት ጊዜ ሲደርስ ደግሞ በእናታችን ስም አንጻር «ግንበኛ» ብሎ ይጽፍ ዘንድ ምኞቴ ነው።