የገዢ መብትና ግዴታ

ሰው ሁሉ የሚበላውን አርሶ፣ የሚለብሰውን ፈትሎ፣ ለሕመሙም መድኃኒት ቀምሞ ለብቻው መኖር አይችልም። ገበሬው ጨውና ጨርቅ ይገዛል፤ የከተማው ሰው ጤፍና ቅቤ ይገዛል፤ ነጋዴውም ራሱ ከሱቁ በወጣ ጊዜ እንደ ማንኛውም ሰው ገዢ ነው። ስለዚህ የሸማች መብት ሲባል ለአንድ ወገን የሚደረግ አድልዎ ሳይሆን የሕዝብ ሁሉ መብት መሆኑን አስቀድሞ ማስተዋል ይገባል።

በቀድሞው ዘመን ገዢው እህሉን በእጁ ዘግኖ፣ ቅቤውን አሽትቶ፣ ማሩን ቀምሶ ይገዛ ነበር፤ ሻጩንም አብዛኛውን ጊዜ በአገሩና በዘመዱ ያውቀው ነበር። ያም ሆኖ ሐሰተኛ ሚዛንና የጎደለ መስፈሪያ ያን ጊዜም አልጠፉም፤ ቅዱሳት መጻሕፍት አጥብቀው የነቀፏቸው፣ ፍትሐ ነገሥትም ስለ መሸጥና ስለ መግዛት ራሱን የቻለ አንቀጽ የያዘው ስለዚሁ ነው። ዛሬ ግን ዘይቱ በጄሪካን ታሽጎ፣ መድኃኒቱ በብልቃጥ ተከድኖ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃው በሳጥን ተጠቅልሎ ከሩቅ አገር ይመጣል። በውስጡ ያለውን ሻጩ ያውቅ ይሆናል እንጂ ገዢው በዐይኑ አይቶ፣ በእጁም ዳስሶ ሊያውቀው አይችልም። አንዱ እያወቀ ሌላው ሳያውቅ የሚዋዋሉት ውል ደግሞ፣ ሕግ በመካከል ካልቆመ በቀር፣ ትክክለኛ ውል ሊሆን አይችልም።

በአገራችን ከተሞች በርበሬ ከጡብ ዱቄት፣ ቅቤ ከሙዝና ከሌላ ቅባት፣ ማር ከስኳር፣ የእንጀራም ዱቄት ከጀሶ ጋር ተቀላቅሎ ተገኘ የሚባል ወሬ በየጊዜው ተሰምቷል። ይህ የኪስ ጉዳት ብቻ አይደለም፤ የሕፃናትንና የሕሙማንን ሕይወት የሚነካ ነው። ሐቀኛውም ነጋዴ አብሮ ይጎዳል፤ ንጹሑን በርበሬ በተገቢው ዋጋ ሲያቀርብ ጎረቤቱ ቀላቅሎ በርካሽ ይሸጥበታልና፣ ወይ ሱቁን ይዘጋል፣ ወይ እንደ ጎረቤቱ ለማድረግ ይፈተናል።

አንዳንዶች ገበያ ራሱን በራሱ ይዳኛል፤ የተበደለ ገዢ ወደ ሌላ ሱቅ ይሂድ ይላሉ። ነገር ግን ይህ አሳብ የጉዳቱን ጠባይ ካለማስተዋል የመጣ ነው። ከእያንዳንዱ ኪሎ 50 ግራም የሚያጎድል ሚዛን ቢኖር፣ አንድ ኪሎ ስኳር የገዛች እናት መጉደሉን እንኳ አታውቅም፤ ብታውቅም ስለ 50 ግራም ብላ የቀን ሥራዋን ትታ ወደ ፍርድ ቤት አትሄድም። ሻጩ ግን ከመቶ ሰዎች 5 ኪሎ ያለ ዋጋ ሰብስቧል። በደሉ በብዙ ሰው ላይ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚበተን ከሳሽ ያጣል፤ ይልቁንም ድኻው በየቀኑ በጥቂቱ የሚገዛ ስለ ሆነ በየቀኑ ይበደላል። ከሳሽ ላጣ በደል ከሳሽ ሊሆን የሚገባው ሕግ ነው።

ይህንንም ዓለም ከተረዳው ቆይቷል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ መጋቢት 6 ቀን 1954 ዓ.ም. ለምክር ቤታቸው በላኩት መልእክት ሸማች ከአደጋ የመጠበቅ፣ እውነተኛ ማስረጃ የማግኘት፣ የመምረጥና የመሰማት መብት እንዳለው ገለጡ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም በ1977 ዓ.ም. መንግሥታት ሁሉ የሚመሩበትን የሸማች ጥበቃ ደንብ አጸደቀ። በኢትዮጵያም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ደነገገ። በ2006 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መግለጫ እንዲያገኝ፣ ዕቃ ስላየና ዋጋ ስለ ጠየቀ ብቻ ግዛ ተብሎ እንዳይገደድ፣ በአክብሮትም እንዲስተናገድ፣ ጉድለት ያለበትን ዕቃ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሊጠይቅ እንዲችል፣ ስለ ደረሰበትም ጉዳት ካሣ እንዲያገኝ ወሰነ።

ሆኖም መብት ያለ ግዴታ አይጸናም። ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢው የተረከበውን ዕቃ ጊዜ ሳያሳልፍ እንዲመረምርና ጉድለት ቢያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። አስቀድሞ መጥኖ ያልደቆሰ ኋላ ድስት ጥዶ ማልቀሱ አይቀርምና፣ የሚገዛ ሰው ሚዛኑን ማየት፣ የተሠራበትንና አገልግሎቱ የሚያበቃበትን ቀን ማንበብ፣ እጅግ የረከሰውን ነገር ስለ ምን ረከሰ ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ሊታሰብበት የሚገባው የደረሰኝ ነገር ነው። ሻጩ «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንሳለሁ» ሲል ብዙ ሰው ደስ ብሎት ይቀበላል። ይህ ሰው በመቶ 15 የሆነውን የተጨማሪ እሴት ታክስ አተረፍሁ ብሎ ያስባል፤ ነገር ግን የአገሩን ግብር በማስቀረት ከመተባበሩም በላይ መብቱን በገዛ እጁ ሸጧል። ዕቃው በማግሥቱ ቢበላሽ ከዚህ ሱቅ መግዛቱን የሚመሰክርለት ጽሑፍ የለውምና፣ አዋጁ የሰጠውን 15 ቀን ሊጠቀምበት አይችልም።

የመንግሥት ሹማምንትም ተግባር አዋጅ በማውጣት የሚፈጸም አይደለም። የበዓል ሰሞን ብቻ በዘመቻ ሱቅ ማሸግ የአንድ ሳምንት ፍርሃት ያመጣል እንጂ የዓመት ሥርዓት አያቆምም። ሚዛን ዘወትር ሊመረመር፣ የምግብና የመድኃኒት ናሙና ሳይታሰብ ሊወሰድ፣ ለተበደለውም ሰው በየገበያው አጠገብ አቤቱታ የሚሰማ ሹም ሊገኝለት ያስፈልጋል። የአንድ ኪሎ ቅቤ ነገር ብዙ ቀን የሚያመላልስ ከሆነ፣ ሕጉ ተጽፎ ሳለ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

እንግዲህ ነጋዴው ትርፉን በሐቅ ይፈልግ፤ ገዢው ዐይኑን ገልጦ ይግዛ፣ ደረሰኙንም ይቀበል፣ ሲበደልም ዝም አይበል፤ ሹሙም አቤቱታውን ሳይሰለች ይስማ። ገበያ የሚቆመው በመተማመን ነው፤ መተማመንም የሚጸናው የሚያታልል ሰው እንደሚጠየቅ ሁሉም ባወቀ ጊዜ ነው።