ሳቁ ከማን ጋር ነው?

እኔ «ብሩክሊን ናይን ናይን»ን ስቄ ነው ያየሁት፤ ቅሬታዬ ግን አልቀረም። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2021 የታየው ይህ የአሜሪካ ኮሜዲ የኒው ዮርክ መርማሪዎችን ቤተሰብ አድርጎ አስወደደን። በካቴና የመጣውስ? ብቅ ይልና ይጠፋል፤ ስሙን እንኳ አንይዘውም። በ2017 በታየ አንድ ክፍል፣ በገዛ ሰፈሩ የልጁን ብርድ ልብስ የሚፈልግ ጥቁር አባት ፖሊስ በከንቱ ያስቆመዋል። ተበዳዩ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ራሱ ፖሊስ! በ2020 ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ ሲገደል ደራሲዎቹ የጻፏቸውን ክፍሎች ጣሉ። ደግ አደረጉ፤ ሳቁ ግን ቀድሞም ያደላ ነበር።

«ቀልድ እኮ ነው!» ባይ አይጠፋም። ከ1975 እስከ 1982 የታየው «ባርኒ ሚለር»ስ ቀልድ አልነበረም? እዚያ የእስረኛው ፍርግርግ ያለው እዚያው መርማሪዎቹ ቢሮ ውስጥ ነው። ታሳሪው ይከራከራል፣ ያላግጣል፣ ብሶቱን ይዘረግፋል፤ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ገጸ ባሕርይ ስል የነበረው እንዲህ ያለውን ነው። ካፒቴኑም ቆሞ ይሰማዋል።