ለማኅበር ሙሴ ምን ይሰጣል?



ባለፈው ሰሞን በአሊዩ አምባ ገበያ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፥ ዛሬ በግንበኝነት ቤቱን የሚያስተዳድር ጐልማሳ፥ እጅ ነሥቶ ካቆመኝ በኋላ አንድ ጉዳይ አማከረኝ። የግንበኞችና የአናጢዎች ማኅበራቸውን ያለ ደመወዝ ለብዙ ዘመን የመሩት ሽማግሌ ጕልበታቸው ስለ ደከመ ኀላፊነታቸውን ሊያስረክቡ ነው። አባሎቹም ገንዘብ አዋጥተው ሊያከብሯቸው ቢነሡ በስጦታው መስማማት አልቻሉም። ገሚሱ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ይገዛላቸው ይላል፤ ገሚሱ በመስተዋት የተሸፈነ የምስክር ወረቀት ይሻላል ይላል። «የኔታ፥ እርስዎስ ምን ይሉናል?» አለኝ። በቈላ አየር የሱፍ ብርድ ልብስ መደረብ ሽልማት ይሁን ቅጣት እንተወውና፥ ጥያቄው ከስጦታ ግዢ የሚያልፍ ቁም ነገር ስላለበት በዚህ ዓምድ ላወጣው ወደድሁ።

የሰንበቴና የማኅበር መሪ በእኛ ዘንድ «ሙሴ» ይባላል። ስሙ በዋዛ የተሰጠ አይመስለኝም፤ ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ሕዝቡን ሲዳኝ አማቱ ዮቶር አይቶ፥ እንዲህ ከሆነ አንተም ትደክማለህ፥ ሕዝቡም ይደክማል ብሎ እንደ መከረው በኦሪት ዘጸአት እናነባለንና። የግንበኞች ሙሴም ዕጣው ይኸው ነው። አንዱ አባል ከመወጣጫው ወድቆ እግሩ ሲሰበር ለቤተሰቡ የእህል መግዣ የሚያሰባስብ እርሱ ነው። አሠሪው ሒሳብ ሲያዘገይ በደጁ የሚመላለስ እርሱ ነው። ወጣቱ ቱንቢ ሳይጥል የካበው ግድግዳ ሲያዘነብል፥ በሰው ፊት ሳያሳፍር አስተምሮ የሚያስፈርሰውም እርሱ ነው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ የራሱ ሥራ ቆሞ ይውላል። ስብሰባውም አብዛኛውን ጊዜ በቤቱ ስለሚሆን፥ ቡናውና ቈሎው ከሚስቱ ጓዳ ይወጣል።

ይህ አገልግሎት በአገራችን በቀላሉ የሚከበር አልነበረም። በእጁ የሚሠራውን ሰው መናቅ የቈየ በሽታችን ነው፤ ብረት ቀጥቃጩን፥ ሸማኔውን፥ ቆዳ ፋቂውን በሙያው ስም እንሰድብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው መሳደብን የከለከሉትና ተሳዳቢውንም በእስራት እንደሚቀጡ ያስታወቁት ስለዚህ ነው። ዐዋጁ ስድቡን ከለከለ እንጂ አክብሮትን በልብ ሊተክል አልቻለም፤ ይህ የዐዋጅ ሥራ አይደለምና። አሊዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከሐረርና ከታጁራ የሚመጣው የሲራራ ነጋዴ መናኸሪያ እንደ ነበረች ብዙ ሰው ያወራል። የቤቶቿን ግንብ የካቡትን ሰዎች ግን ማን በስማቸው ያነሣቸዋል?

አንዳንድ ጽድቅ ወዳድ ምእመናን በዚህ ላይ ይጠይቁ ይሆናል። ቀኝ እጅ የምትሠራውን ግራ እጅ አትወቅ ተብሎ ሳለ፥ በነፃ ያገለገለን ሰው በአደባባይ ማመስገን ዋጋውን ማስቀረት አይሆንምን? ትእዛዙ የተነገረው ለሰጪው ነው። ተቀባዩስ? ለእርሱማ ክብር ለሚገባው ክብርን እንዲከፍል ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ጽፏል፤ ያውም ከግብርና ከቀረጥ ጋር አያይዞ፥ እንደ ዕዳ ቈጥሮ ነው።

ስለ ሕንፃና ስለ ነፃ አገልግሎት የሚናገር ምሳሌ ለሚፈልግ ከመጽሐፈ ነህምያ የተሻለ አላውቅም። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲያሠራ ዐሥራ ሁለት ዓመት በሹመት ኖሮ ለሹመቱ የሚገባውን ቀለብ አልበላም፤ ይልቁንም በማዕዱ 150 ሰው ይመገብ ነበር። (ወጡን የሠራው ማን እንደ ሆነ አልተጻፈም፤ የማኅበር መሪዎች ሚስቶች ግን ያውቁታል።) ከሁሉ የሚደንቀኝ ሦስተኛው ምዕራፍ ነው። ብዙ ሰው ስም ብቻ የተደረደረበት መስሎት ዘልሎት ያልፋል። ነገር ግን የቅጥሩ እያንዳንዱ ክፍል ማን እንደ ሠራው፥ ከየት ጀምሮ እስከ የት እንደ ደረሰ ተመዝግቧል፤ ካህኑ፥ ወርቅ አንጥረኛው፥ ነጋዴው፥ ሰሎም ከሴቶች ልጆቹ ጋር። ለሥራው አንገታቸውን ዝቅ ያላደረጉት የቴቁሐ ታላላቅ ሰዎችም ሳይጻፉ አልቀሩም።

ከዓለም ታሪክም አንድ ሰው ላንሣ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1818 በሎንዶን ከተማ ጥቂት ወጣት መሐንዲሶች በአንድ ቡና ቤት ተሰብስበው የሲቪል መሐንዲሶችን ማኅበር መሠረቱ። ሆኖም ሁለት ዓመት ያህል ብዙም ሳያድግ ቈየ። በ1820 ቶማስ ቴልፎርድን መሪ እንዲሆናቸው ለመኑት። ቴልፎርድ የስኮትላንድ እረኛ ልጅ ነበር፤ አባቱ የሞተው እርሱ ገና ጨቅላ ሳለ ነው። በልጅነቱ በግ ጠብቆ፥ ኋላ የድንጋይ ጠራቢነትን ሙያ ተማረ፤ የአባቱንም የመቃብር ድንጋይ በገዛ እጁ ቀረጸ። ማኅበሩ በጠራው ጊዜ ዕድሜው ከ60 ዓመት አልፎ ነበር፤ የሜናይን ታላቅ ድልድይም ገና በማሠራት ላይ ነበር። ጊዜ የለኝም ሊል ይችል ነበር። እርሱ ግን እስከ ሞቱ 14 ዓመት ያለ ደመወዝ መራቸው፤ መጻሕፍትንና ሥዕለ ንድፎችን ሰጣቸው፤ በ1828 ማኅበሩ ከንጉሡ የሕጋዊነት ቻርተር አገኘ። ወጣቶቹንም በሥራ ቦታ ያዩትን በጽሑፍ እያዘጋጁ በስብሰባ ላይ እንዲያነቡ አስለመዳቸው።

በ1834 ሲሞት በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ያለ ብዙ ሥርዐት መቀበርን ወዶ ነበር፤ የማኅበሩ ሰዎች ግን አስፈቅደው የእንግሊዝ ነገሥታት ባረፉበት በዌስትሚንስተር አስቀበሩት። እኔ ግን ከዚያ መቃብር ይልቅ የወጣቶቹ ጽሑፍ ይበልጥብኛል። እርሱ የተናዘዘላቸው 2,000 ፓውንድም ለተመረጠ ጽሑፍ መሸለሚያ ሆነ፤ በስሙ የሚጠራው ሜዳይ እስከ ዛሬ ይሰጣል። በአገራችንም መሐንዲሶችና አርክቴክቶች ማኅበር ካቋቋሙ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሆኗል። እንዲህ ያለ ማኅበር በየትም አገር ቢሆን የሚጸናው ከሥራ ሰዓት በኋላ ደክሞት ሳለ ስብሰባ በሚመራ ሰው ነው።

ስለዚህ ለተማሪዬ የመለስሁለት ይህ ነው። ለብርድ ልብሱ ከምትሟገቱ ይልቅ አስቀድማችሁ ያልከፈላችሁትን መዋጮ ክፈሉ፤ ሽማግሌው ሣጥኑን ጐድሎ ሲያስረክቡ ማየት ምን ያህል እንደሚያሳፍራቸው አስቡ። (ስንት ወር እንዳለበት ስጠይቀው አንገቱን ደፋ።) ከዚያም ጥሩ ጽሑፍ ያለው አንድ ወጣት ደብተር ይዞ ከእግራቸው ሥር ይቀመጥ፤ የትኛውን ቤተ ክርስቲያን፥ የትኛውን ትምህርት ቤት ከማን ጋር እንደ ሠሩ፥ የቱ ቦታ ላይ ጥቁሩ አፈር መሠረት እንዳሰመጠባቸው፥ በሥራ ላይ ያረፉት ጓደኞቻቸው እነማን እንደ ነበሩ ከአፋቸው ይጻፍ። ይህ ዕውቀት በወረቀት ካልሰፈረ ከእርሳቸው ጋር ይቀበራል፤ ተከታዩም ግንበኛ በዚያው አፈር ላይ ያንኑ ጥፋት ይደግማል።

የሚተካቸውንም ሰው ከወዲሁ ምረጡ። ሙሴ ኢያሱን በማኅበሩ ሁሉ ፊት እጁን ጭኖ የሾመው ገና በሕይወት ሳለ ነው። ሽማግሌው ቍልፉን ለተተኪው በአደባባይ ይስጡት፤ ቢያንስ አንድ ዓመትም በአጠገቡ ተቀምጠው ይምከሩት። «እርስዎ እያሉ ማን ይችላል?» እያሉ ማቈየት አክብሮት ይመስላል፤ ነገር ግን ሸክሙን የማንሣት ስንፍና ነው፤ በብዙ ማኅበር አይቼዋለሁ።

የምስክር ወረቀቱም ቢሆን አይከፋም። በመስተዋቱ ውስጥ ግን ያን ሁሉ ቡና ያፈሉት የባለቤታቸው ስም ከእርሳቸው ስም ጐን ይጻፍ።