የቦርድ አባል ሲለቅ ደጋፊው ለምን በወሬ ይሰማል?

አንድ ሰው የክለብ ቦርድ አባል ሲሆን ፎቶ ይነሳል፣ የክለቡ ስካርፍ አንገቱ ላይ ይጠመጠማል፣ ንግግር ያደርጋል። ሲለቅ ግን ኮሽታ የለም። ደጋፊው ነገሩን የሚሰማው ሻይ ቤት ነው። «እገሌ እኮ ለቋል» ይባላል። ለምን? አንዱ «ተጣልቶ ነው»፣ ሌላው «በልቶ ነው»፣ ሦስተኛው «አላስበላም ብሎ ነው» ይላል። ክለቡ ከተናገረም ያቺው የለመድናት ዓረፍተ ነገር ናት፤ «በጤና ችግርና በሥራ መደራረብ ምክንያት በገዛ ፈቃዳቸው ለቀዋል»። ታማሚው በሳምንቱ ክቡር ትሪቡን ላይ ሲጨፍሩ ቢታዩስ ማን ይጠይቃቸዋል?

ውድ አንባቢያን፣ ይህ የሐሜት ጉዳይ አይደለም። ክለብ የቦርዱ የግል ጓዳ አይደለም። በአባላት መዋጮ የሚኖር ከሆነ የአባላቱ ነው። ብዙዎቹ ክለቦቻችን ደግሞ የሚንቀሳቀሱት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት በጀት ስለሆነ፣ ኳስ የማያይ ግብር ከፋይም ያገባዋል።

እስቲ ባርሴሎናን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 ስድስት የቦርድ አባላት በአንድ ጊዜ ለቀቁ። ከእነሱ መካከል ኤሚሊ ሩሶ እና ኤንሪክ ቶምባስ የተባሉ ምክትል ፕሬዚዳንቶች ነበሩ። ሰዎቹ ታመናል አላሉም። ለምን እንደሚለቁ በደብዳቤ ጽፈው አደባባይ አወጡት፤ ምርጫው በጊዜ ይጠራ አሉ፣ ክለቡ ለማኅበራዊ ሚዲያ ሥራ የፈጸመውን ውል ጉዳይም አነሱ። ክለቡ ክሳቸውን አስተባበለ። አባሉ ግን የሁለቱንም ወገን ቃል አነበበ፣ ፈረደ። በዚያው ዓመት ለመተማመኛ ድምፅ 16,520 ፊርማ ሲያስፈልግ ከ20,000 በላይ ተሰበሰበ። ኦክቶበር 27 ቀን ፕሬዚዳንቱ ባርቶሜውና የቀሩት የቦርድ አባላት በሙሉ ለቀቁ።

ዋናው ነገር ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ወንበሩ ባዶ አልቀረም፤ የቀረ ሰውም ወዳጁን ጠርቶ አላስቀመጠበትም። በደንቡ መሠረት ካርለስ ቱስኬትስ የሚመሩት ጊዜያዊ ኮሚቴ ተረከበ። በኮሮና ምክንያት ምርጫው ቢዘገይም ማርች 7 ቀን 2021 አባላቱ ላፖርታን መረጡ። የለቀቁትም ሰዎች ሂሳብ አብሯቸው አልተዘጋም፤ አዲሱ ፕሬዚዳንት በኦገስት 2021 የክለቡ ዕዳ 1.35 ቢሊዮን ዩሮ መድረሱን በይፋ ተናገሩ። ባርሴሎና የቅዱሳን ማኅበር ነው አላልኩም፤ ዕዳው ራሱ ይመሰክራል። ግን ማን ወጣ፣ ማን ገባ የሚለው በወሬ አልተፈታም።

እኛ ዘንድ የሥልጣን ርክክብ ሲበላሽ ምን እንደሚመጣ አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2008 የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ጉባኤ ፕሬዚዳንቱን አነሳ፣ ፊፋ አካሄዱን አልተቀበለም፣ ቢሮው የማን እንደሆነ ክርክር ሆነ። መጨረሻው እገዳ ነበር፤ ብሔራዊ ቡድናችን ከ2010 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተሰረዘ። የተጫዋቾቹ ጥፋት ምን ነበር?

እና ምን ይደረግ? የሚለቅ ሰው በጽሑፍ ይልቀቅ፤ ቀኑና ምክንያቱ ይጠቀስ። ደብዳቤው በሊቀመንበሩ መሳቢያ እንዳይቀር ቅጂው ለቁጥጥር ኮሚቴው ይድረስ፤ በአሥር ቀን ውስጥም ሊቀመንበሩ ባሳጠረው ቃል ሳይሆን በራሱ በለቃቂው ቃል ለአባላት ይነገር። የተጫዋች ሕመም ወይም ያላለቀ የዝውውር ድርድር ካለበት ያ ብቻ ይሸፈን። በየሽንፈቱ ማግስት «እለቃለሁ» እያለ የሚያስፈራራውም ከገባ ደብዳቤው ወደ ኋላ መመለሻ የሌለው ይሁን፤ መልቀቂያ የደመወዝ ጥያቄ አይደለም። ግማሹ ቦርድ ከሄደ የቀረው ግማሽ ጠቅላላ ጉባኤ ከመጥራት ሌላ ሥራ አይኑረው።

ከሁሉ በላይ ርክክቡ በቃለ ጉባኤ ይሁን። ማኅተሙ የት ነው? የውል ሰነዶቹ ማን ዘንድ ናቸው? ቼክ ላይ የሚፈርመው ማን ነው? የለቀቀ ሰው ፊርማ ባንክ ቤት እየሠራ ከቆየ ለቋል ማለት ምን ማለት ነው? ፊርማው በለቀቀበት ቀን መታገድ አለበት፣ በእጁ ያለፈውም ሂሳብ ሄደም አልሄደ ይመርመር።

እርስዎስ የሚደግፉት ክለብ መተዳደሪያ ደንብ ስለዚህ ምን ይላል? ቢሮው ሄደው ይጠይቁ፤ «ደንቡ ለደጋፊ አይሰጥም» ካሉዎት ማን እንዳለዎት ስሙን መዝግበው ይያዙ።